ከጤና ጣቢያው በታች የተከልኳት ወይራ

መጀመሪያ ጠመኔው ነው ብዬ ነበር። ላሊበላ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ፤ በጥቅምት ደረቅ ሳል ያዘኝ። ሰሌዳ ስጠርግ አቧራው ጉሮሮዬን ስለሚከረክረኝ ጥፋቱን ሁሉ በጠመኔው ላይ ጣልኩት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ሰሞን። ጠዋት ሕፃናቱን፣ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶቹን ስለማስተምር ድካሙንም ለሥራ ብዛት ሰጠሁት። በኅዳር ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ለዚያም ምክንያት አላጣሁም፣ ጋቢው ከበደኝ አልኩ። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ምክንያት አይቸግረውም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን የማባዛት ሠንጠረዥ እየጻፍኩ ሳለሁ ሳልኩ። እጄን በአፌ ላይ አደረግኩ። ጠመኔው በእጄ ነበር። ሳወርደው ቀልቷል። ልጆቹ አላዩም። ጠመኔውን ኪሴ ከተትኩ። ሌላ አነሳሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ኀምሳ ስድስት።

ባለቤቴ ታደሰ አናጢ ነው። የዚያን ቀን ማታ ጠመኔውን አሳየሁት፤ በማግስቱ በኩልመስክ በኩል በሚሄድ የጭነት መኪና አሳፍሮ ወልድያ ወሰደኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ብዙ አየው።

«የሳምባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ የምንለው» አለኝ። «ይድናል። ግን መድኃኒቱ ዓመት ሙሉ ነው፣ አንድ ቀን አይቋረጥም። ልጅ አለሽ?»

«አንዲት። ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው።»

«አክታሽ ንጹሕ መሆኑ ተደጋግሞ እስኪረጋገጥ ከአንቺ ጋር አትኑር።»

ልጄ ሠናይት ትባላለች። አማቴ ከገነተ ማርያም መጥተው ወሰዷት። በጀርባቸው አዝለዋት ሲወጡ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። አልነካኋትም። በር ላይ ቆሜ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አልሳምኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ያችን ልጅ አቅፌ መሳም።

ሕክምናው እንዲህ ነበር፤ ሁለት ወር በየቀኑ በላሊበላ ጤና ጣቢያ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ከክኒን ጋር፣ ከዚያ በኋላ አይ ኤን ኤች እና ታያሴታዞን የሚባሉትን ክኒኖች በየጠዋቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። መርፌውን የሚወጋን የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰር ካሳዬ ነበር። ወገል ጤና ከሚባል አገር የመጣ ሰው ነው፤ ቁጣው ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፣ እሱ ግን ሲሉት አይወድም ነበር።

እኛ ዘንድ ሳል የያዘው ሰው ነፋስ አይንካው ይባላል። ብርድ ገብቶ ነው የሚገድለው ተብሎ ይታመናል። ታደሰም ያለንን አንዲት መስኮት በጠርብ ገጥሞ በምስማር መታት፤ ዙሪያዋን በጭቃና በእበት መረጋት። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈ። እውነቱን ልናገርና እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ጎረቤት እየመጣ «ባል እንዲህ ነው» እያለ አመሰገነው። ምድጃውም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከጭሱና ከሳሌ ጋር ተዘግቼ ሰነበትኩ፤ እሱም አጠገቤ ይተኛ ነበር።

አቅም አነሰኝ። ሁለት ቀን ለመርፌ ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ካሳዬ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የመስኮቱን ጠርብ አየ፣ ታደሰን አየ።

«ታደሰ፣ ሬሳ ሳጥን ስትሠራ ክዳኑን የምትመታው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» አለው።

ታደሰ ወደ ጠርቡ ዞረ። ካሳዬ ቀጠለ፤

«የምትስለው እዚሁ ይከማቻል፤ አንተም ትስበዋለህ። እኔ ያለኝ መርፌና ክኒን ነው፣ ነፋሱን ግን እግዚአብሔር በነፃ ሰጥቶህ አንተ መረግከው። ንቀለው።»

ታደሰ መዶሻውን አመጣ። ምስማሩን አንድ በአንድ ሲነቅል ወደ እኔ አልዞረም። የጥር ብርሃን ገባ። በርዶኝ ተንቀጠቀጥኩ። ከረጅም ጊዜ በኋላ በደንብ የተነፈስኩት ያን ቀን ነው።

ጤና ጣቢያው ያኔ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበረው። የምንስለውም፣ አራስ ልጅ ያቀፉትም፣ እግሩ የቆሰለውም አንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተራ እንጠብቅ ነበር። ካሳዬ በዚህ ይበሳጫል። ከጤና ጣቢያው በታች ያለው ቁልቁለት ሁለት ያረጁ ወይራዎች ብቻ የቀሩበት፣ ከተማው ቆሻሻ የሚጥልበት፣ ቅዳሜ ገበያተኛው አህዮቹን የሚያስርበት ቦታ ነው። ነፋስ ሲነሣ አቧራው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይንና ወደ ቁስል ይመጣል። ካሳዬ የቀበሌውን ሊቀ መንበር «ለልማት ነው» ብሎ ቦታውን ለመነው። ልማት የሚለው ቃል ያኔ የማይከፍተው በር አልነበረም። አቅም ያለን ሕሙማን ቆሻሻውን ጠርገን አወጣን፤ ከዚያ ወዲያ እኛ ሳላሞቹ በወይራዎቹ ሥር፣ አራሶቹ በላይ በኩል፣ ሁላችንም ደጅ ሆነን መጠበቅ ጀመርን።

ከዚያም ደንብ አወጣ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁሉ ከግብርናው ችግኝ ጣቢያ አንድ ችግኝ ተሰጥቶት ይተክላል፤ በመጣ ቁጥርም አንድ የዘይት ጣሳ ውኃ ይዞ ይመጣል። ላሊበላ ላይ ውኃ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ይኼ ደንብ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። «የፊት እጣቢም ይሁን» ይለን ነበር፣ «ብቻ ባዶ እጅህን አትምጣ።» ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «መዝገቤ ይዋሻል፤ ሰው ክኒኑን ተቀብሎ ሄዶ አልጋ ሥር ይጥለዋል። ችግኝ ግን አይዋሽም» አለኝ። የአንዱ ችግኝ መጠውለግ ከጀመረ ሌሎቻችን ቤቱ ድረስ ሄደን እንድናየው ያዝዘናል።

እኔ ወይራ መረጥኩ። ጋሼ ሁሴን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከእኔ ቀድመው መድኃኒት የጀመሩ ሰው፣ ሲያዩኝ ሳቁብኝ። «አንች ልጅ፣ ወይራኮ ለልጅሽ ልጅ ነው ጥላ የሚሆን። እኔ ሳልሞት ልቀመጥበት እፈልጋለሁ» ብለው ቶሎ የሚያድገውን ግራዋ ተከሉ። እኔም «የልጄን ልጅ ለማየት ነው የምታከመው» አልኳቸው። በዚያ መልስ ኮራሁ፤ ደጋግሜም አወራሁት።

መርፌውን ልጨርስ ስል ሳሌ ጠፋ። ጉንጬ ተመለሰ። አክታዬ ወልድያ ተልኮ ንጹሕ ነው ተባለ። ካሳዬም «ለፋሲካ አንዴ ደግመን እናየዋለን፤ ንጹሕ ከሆነ ሠናይትን ታመጫለሽ» አለኝ። በደስታ ብዛት ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ገባሁ።

አሁን የምናገረው ስሕተት የራሴ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። መርፌው አልቆ የወር ክኒን ቤቴ ይዤ የሄድኩት ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። መርፌ አይዋጥም፤ ክኒን ግን ይዋጣል፣ ውኃም ያስከትላል። ላሊበላ ላይ በሁዳዴ ጠዋት ውኃ የቀመሰች መምህርት መባል አልፈለግኩም። መጀመሪያ ክኒኑን ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። ባዶ ሆዴን ስወስደው አቅለሸለሸኝ። አንዳንድ ቀን ጎልማሶቹን ሳስተምር ረሳሁት። ቀጥሎ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ካዳነኝ ጾሜን ሳላጓድል ላመስግነው፣ ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ካሳዬን ማየት ስላፈርኩ ከጤና ጣቢያው ቀረሁ፤ ችግኟንም ተውኳት።

መጋቢት ደረቅ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼ ሁሴን በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በመዳፋቸው ጥቂት የደረቀ የወይራ ቅጠል ይዘዋል።

«ምን ሁነሽ ነው?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ጾም ነው» አልኳቸው።

«እኛም ረመዳን አለን እኮ። እኔም እንዳንች ልጾም ብዬ ካሳዬ ሊገድለኝ ነበር። ሸሁን ብጠይቃቸው፣ የታመመ ይፈታል፣ ሲሽለው ይከፍላል አሉኝ። አንችስ ቄስሽን ጠይቀሻል ወይ?»

አልጠየቅኩም ነበር። እግሬ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ንስሐ አባቴ ወሰደኝ። አባ ገብረ ሕይወት ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ጾሙን ለታመመ የምትፈታው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አንችን ግን ማን ሾመሽ? ለራስሽ ንስሐ አባት ሆነሽ ቁጭ አልሽ?» አሉኝ። አለቀስኩ። ድምፃቸው ለሰለሰ። «በይ አሁኑኑ ሂጂና ክኒንሽን ዋጪ። የቀረብሽን ስግደት እኔ እሰግድልሻለሁ።»

ዋጥኩ። ግን ዘግይቼ ነበር።

ለፋሲካ አክታዬ ታየ። ካሳዬ ወረቀቱን ይዞ ደጅ ወጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ተመልሷል» አለኝ።

ሠናይት አልመጣችም። የሰፋሁላት ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ታደሰ በግ አላረደም። መርፌው እንደገና ተጀመረ። በመርፌው ብዛት ጆሮዬ ይጮህ ጀመር፤ ቀንም ማታም። ከክረምቱ በፊት የግራ ጆሮዬ ደከመ። ዛሬም ሰው በግራዬ በኩል ሲያናግረኝ ፊቴን አዞራለሁ። ያቋረጥኩት ጥቂት ሳምንት ነው። ያስከፈለኝ ይኼን ነው።

በዚያ ሰሞን ችግኜን ለማየት ድፍረት አጣሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጣሳዬን ይዤ ወረድኩ። ግንዷ ደርቆ ቆሟል። ካሳዬ ሌላ ችግኝ ልስጥሽ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ሰዎቹ ሞኝ ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ግን እልኸኛ ነኝና የደረቀ እንጨት ማጠጣቴን ቀጠልኩ።

ከቤቴ እስከዚያ ቦታ ያለው መንገድ ሁለት ሰው ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ የሚያልቅ አጭር ነው፤ እኔ ግን በግንቦት ሦስት ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ ነበር የምደርሰው፣ በሰኔ ሁለቱ ላይ፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ አንዱንም ሳልፈልግ፣ ጣሳዬ ሳይፈስስ እደርስ ጀመር። ቤቴ ስቀመጥ የማስበው ስለ ሞት ነበር፤ እዚያ ስወርድ ግን ጋሼ ሁሴን ስለ ግራዋቸው ይመጻደቃሉ፣ አንዲት መነኩሲት የኮሶ ችግኛቸውን በጸሎት መካከል ይቆጣሉ፣ አንድ ገበሬ ማዳበሪያው ምን መሆን እንዳለበት ይከራከራል፣ እኔም ሳላውቀው ከራሴ ወጥቼ እውላለሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ብሆን ኖሮ መድኃኒቱን ዳግመኛ ላለማቋረጤ ዋስ የለኝም ነበር። ታደሰም አንድ ቀን በትከሻው እንጨት ተሸክሞ መጣና ከትልቁ ወይራ ሥር አግዳሚ ወንበር ሠራልን። ጠርቡን ሳየው ዐወቅኩት። ያቺን መስኮት የዘጋባት ነው፤ የእበቱ ምልክት ገና አልለቀቀም ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጎንበስ ብዬ አረም ስነቅል ከደረቀው ግንድ ሥር ሁለት አረንጓዴ ነገር አየሁ። አረም መስሎኝ እጄን ሰድጄ ነበር። ከሥሯ የበቀለች የራሷ ቀንበጥ ናት። ጋሼ ሁሴንን ጠራኋቸው፤ እሳቸው መነኩሲቷን ጠሩ፤ መነኩሲቷ እልል ሲሉ ካሳዬ መርፌውን ይዞ እየሮጠ ወጣ፣ ሰው የሞተ መስሎት። ከልቤ የኮራሁት ያን ቀን ነው፤ ከልቤም ፈገግ አልኩ።

ለአብዮት በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው ሊቀ መንበሩ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ቦታው ተስተካክሎ የሰልፍ መሰብሰቢያ እንዲሆን ወስኗል። ካሳዬ ሊናገር ሲል ቀደምኩት። መምህርት ነኝና በሰው ፊት መናገር አይከብደኝም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እያንዳንዱ ችግኝ አንድ ሰው ነው። የትኛውን ሰው እንንቀል?» አልኩት።

እየዞርኩ አሳየሁት። ይኼ የጋሼ ሁሴን፣ ያች የእማሆይ፣ ያ የገበሬው። እያንዳንዱ ባለቤት ከችግኙ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ማንም እንዲቆም አላዘዘውም። ሊቀ መንበሩ ዙሪያውን አየና በጣቱ የኔን አመለከተ።

«ያች የደረቀችውስ?»

«የኔ ናት። ከሥሯ ይዩዋት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀንበጦቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። እናቱ እዚያው ወይራ ሥር ተቀምጠው ለዓይናቸው ቅባት ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በዓሉ ገበያው ሜዳ ላይ ተከበረ። በኋላ ከአውራጃ እንግዶች ሲመጡ ግን ሊቀ መንበሩ ያን ቦታ «ቀበሌያችን ያለማው» ብሎ ሲያስጎበኝ ሰማሁት። ተውኩት። ዛፎቹ እስካሉ ድረስ ማን ተከልኩ ቢል አይቆጨኝም።

አክታዬ በሐምሌም በመስከረምም ንጹሕ ሆነ። ሳሉ በጀመረኝ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ አማቴ ሠናይትን በበቅሎ ይዘዋት መጡ። ካሳዬ፣ መጀመሪያ ደጅ ተገናኙ፣ ብሎ ስለነበር ከወይራዎቹ ሥር ጠበቅኳቸው። ልጄ አላወቀችኝም። በአያቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። አልጠራኋትም። እንባዬን ይዤ ጣሳዬን አነሣሁና ወይራዬን ማጠጣት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ ትንሽ እጅ ጣሳውን ያዘ።

«እኔ ላጠጣ» አለች።

ሰጠኋት። ግማሹን ችግኙ ላይ፣ ግማሹን ጫማዬ ላይ ደፋችውና ሳቀች። አነሣኋት። ሳምኳት።

አሁን ይኼን ለምታነብ፣ ጠዋት ላብህን ጠርገህ ሳልህን ለጠመኔ ወይም ለአቧራ ወይም ለብርድ ለምትሰጥ ሰው፣ የማውቀውን ልንገርህ። ዛፍ ቲቢን አያድንም። የሚያድነው መድኃኒቱ ነው፤ እስከ መጨረሻው የተወሰደ መድኃኒት። ዛፎቹ ያደረጉልኝ ሌላ ነው። የምንስለውን ከአራስ ልጅ አጠገብ አንሥተው ንጹሕ አየር ውስጥ አስቀመጡን፤ የማልሄድበትን መንገድ አስኬዱኝ፤ የማላውቀውን ሰው ወንድም አደረጉልኝ፤ መድኃኒቱን ሳቋርጥ ደግሞ አሳበቁብኝ። ያ የአቧራ ቁልቁለት አረንጓዴ ከሆነ ወዲህ ነፍሰ ጡር ሴት ከገበያ ስትመለስ ታርፍበታለች፣ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ያፍታቱበታል፣ ልጆች አቧራ ሳይቅሙ ይጫወቱበታል። ከተማችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ጠብቁት። ከሌለ አንድ ጣሳ ውኃና አንድ ችግኝ ይበቃል። መስኮታችሁን ክፈቱ። ጾም ቢመጣባችሁ ቄሳችሁን ወይም ሸሃችሁን ጠይቁ፤ ራሳችሁን አትሹሙ።

ካሳዬን አመሰግናለሁ፣ ቁጣውንም ጭምር። በአባ ገብረ ሕይወት ጉልበት የተሰገደልኝን ስግደት እግዚአብሔር ይቁጠርላቸው። ጋሼ ሁሴን በግራዋቸው ጥላ ሥር ለመቀመጥ በቁ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ተሸነፍኩ።

የወይራዬን የደረቀ ግንድ ታደሰ ሊቆርጠው ሁለት ጊዜ መጥረቢያ አምጥቶ ነበር፤ ከለከልኩት። ከሥሩ የበቀሉት ሁለቱ ዛሬ ከቁመቴ አልፈዋል፣ እሱ ግን በመካከላቸው እንደ ደረቀ ቆሟል። ክኒኑን ሊያቋርጥ ያሰበ ሰው ሲያጋጥመኝ ብዙ አልመክረውም። እጁን ይዤ እወስደውና ያን ደረቅ እንጨት በእጁ አስነካዋለሁ።